መድኃኒት ያመጣው እንቅስቃሴና በፈረቃ ላይ ያለው ሰው ዓይን

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ገሚሶቻችሁ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ፣ ገሚሶቻችሁ ደግሞ ወደ ፈረቃ ልትገቡ ስትሉ እዚህ እንደተቀመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩባቸው ግሩፕ ሆሞች ብዙ ወገኖቻችን ይሠራሉ። ጠዋት የሚያለብሷቸው፣ የሚያበሏቸው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጧቸው፣ ቀጠሮ የሚያደርሷቸው እነርሱ ናቸው። የአእምሮ ሐኪሙ ሰውየውን በየጥቂት ወሩ ለአጭር ጊዜ ያየዋል። እናንተ ግን ሲበላ፣ ሲተኛ፣ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ ታዩታላችሁ። ፀረ ሳይኮሲስ የሚባሉት የአእምሮ መድኃኒቶች (ሳይኮሲስ አእምሮ ከእውነታ ሲለይ ነው) ያመጡበትን የሰውነት እንቅስቃሴ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ያያችሁት በትክክል ሳይጻፍ ከቀረ ደግሞ መድኃኒቱ ባመጣበት ጉዳት ላይ ሌላ መድኃኒት ይጨመርበታል። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው።

ከምትንከባከቧቸው አረጋውያን አንዳንዶቹ በሎረል፣ ሜሪላንድ ከነበረው ፎረስት ሄቨን የወጡ ናቸው። ይህ የዲሲ አስተዳደር ተቋም በ1925 ተከፈተ፤ በ1976 በነዋሪዎቹ ስም በተመሠረተ ክስ የተነሣ በ1991 ተዘጋ። ሌሎቹ ደግሞ በኦዊንግስ ሚልስ ከነበረውና በ2009 ከተዘጋው ሮዝውድ የመጡ ናቸው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ትልልቅ ተቋማት ነዋሪው ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት ነበር። የጮኸ፣ ራሱን የመታ፣ አልተኛም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቶራዚን፣ ሜላሪል ወይም ሃልዶል የተባለ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ነበር። አንዳንዱ ሰው ይህን መድኃኒት በሃያ ዓመቱ ጀምሮ በስድሳ ዓመቱም ይወስዳል። ለምን እንደተጀመረለት የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ፋይሉም አይናገርም።

ጉዳቱ አዲስ ግኝት አይደለም። ክሎርፕሮማዚን፣ ማለትም ቶራዚን፣ በ1952 ፓሪስ ውስጥ በሳንት አን ሆስፒታል በዣን ዴሌና በፒየር ዴኒከር እጅ ለሳይኮሲስ ሕክምና ዋለ። በ1957 ሾነከር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በታካሚዎቹ አፍ ላይ የማይቆም እንቅስቃሴ ማየቱን ጽፎ አወጣ። አምስት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው። ይህን የምነግራችሁ ያያችሁት ነገር ስም ያለው፣ የታወቀና የተጠና መሆኑን እንድትረዱ ነው። ነርሷም ሆነ ሐኪሙ «እንዲሁ ልማዱ ነው» ቢሏችሁ እንድትጠይቁ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያርፍባቸውን መቀበያዎች ይዘጋሉ። ዶፓሚን ደግሞ ሐሳብን ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴንም የሚያስተካክል ነው። ሲዘጋ ሰውነት ይገታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ፊት ስሜት አልባ ይሆናል፣ ለሃጭ ይወርዳል። ይህ በመድኃኒት የመጣ ፓርኪንሰን ነው። ለወራትና ለዓመታት ሲዘጋ ግን መቀበያዎቹ፣ ድምፅ ሲያንስበት ጆሮውን እንደሚያቀና ሰው፣ ለትንሿ ዶፓሚን እንኳ ከልክ በላይ ንቁ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ይመጣል። ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ የሚባለው ይህ ነው። አመጣጡ ከዚህ በላይ የተወሳሰበ ነው፤ ለሥራችሁ ግን ይህ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው አካቲዥያን፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚያመጣውን ቁጭ አላስብል የሚል እረፍት ማጣት ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ በስሕተት የሚተረጎመው እርሱ ነው። አንድ ሰው እናስብ። ከብዙ ሰዎች ታሪክ ያሰባሰብኩት ነው። አርባ ዓመት አካባቢ ነው፤ አይናገርም፤ በጣቱ እያመለከተ ይግባባል። ሰሞኑን ስለጮኸና በር ስለመታ ሪስፐርዳል የተባለው ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቱ ከ2 ሚሊ ግራም ወደ 3 ከፍ ተደርጎለታል። በአራተኛው ቀን እራት ላይ አንድ ሳህን ምግብ ሳይጨርስ ሦስት ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ። ሳህን ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ ክብደቱን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እግሩ ያመላልሳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። «ተቀመጥ» ሲባል ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ግን አያርፍም፤ ወዲያው ይነሣል። ክንዱን ይዘው ሊያስቀምጡት ሲሞክሩ ገፈተረ። መዝገቡ ላይ ምን ተጻፈ? «ተረብሿል፣ ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል፣ ሠራተኛ ገፍትሯል።» ነርሷ ጋ ተደወለ፤ በአስፈላጊ ጊዜ እንዲሰጥ የታዘዘው ሃልዶል ተሰጠው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ መዝገቡን አነበበና ሪስፐርዳሉን ወደ 4 ሚሊ ግራም አሳደገው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም የተማረውን ሠርቷል። ነገር ግን ያ ሰው መቀመጥ ያቃተው መድኃኒቱ ስለከለከለው ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ክኒንም ሥቃዩን ያባብሰዋል። መናገር የሚችል ታካሚ «ውስጤን እረፍት ነሣው፣ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ» ይላል። መናገር የማይችለው የሚናገረው በእግሩ ነው። ስለዚህ እረፍት ያጣ ሰው ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ባለፉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የተጨመረ ወይም የተለወጠ መድኃኒት አለ?» የሚለው ይሁን። ቀጥሎ ጥርሱን፣ ሆድ ድርቀቱን፣ ሽንቱን ተመልከቱ፤ ሕመምም ሰውን ያንቆራጥጣልና። ልዩነቱን የምታዩት እግር ላይ ነው። በአካቲዥያ የተያዘ ሰው ሲራመድ ጥቂት ይቀለዋል፤ ሲቀመጥ ይብስበታል።

ለአካቲዥያ የመጀመሪያው ሕክምና መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ነው። ካልሆነ ሐኪሙ ፕሮፕራኖሎል ሊያዝ ይችላል። አስም ያለበት ወይም የደም ግፊቱ ዝቅ የሚልበት ሰው ከሆነ ግን ይህንኑ ለሐኪሙ አስታውሱለት፤ ፋይሉ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ ልመለስ። ቁርስ ገና አልቀረበም፤ ሰውየው ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጧል፤ አፉ ውስጥ ምንም የለም፤ ያኝካል። ምላሱ ጉንጩን ከውስጥ ይገፋዋል፤ አንዳንዴ ብቅ ብሎ ይመለሳል። ከንፈሩ ይሰበሰብና ይፈታል። ዓይኑን ደጋግሞ ጨፈን ያደርጋል። የጫማውን ማሰሪያ ሊፈታ ሲጎነበስ የአፉ እንቅስቃሴ ይጨምራል፤ እጅ ሲሠራ አፍ መባሱ የዚህ ሕመም ጠባይ ነው። ሲተኛ ይጠፋል። «አፍህን ግጠም» ስትሉት ለአፍታ ሊያቆመው ይችላል፤ ይህ ግን ሆን ብሎ እንደሚያደርገው አያሳይም።

ይህን የመልክ ጉዳይ ብቻ የሚያደርጉት አሉ፤ አልስማማም። ምላሱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ፎረስት ሄቨን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተነሡበት ክሶች አንዱ ነዋሪዎች ተኝተው እየተመገቡ ምግብ ወደ ሳንባቸው እየገባ በሚመጣ የሳንባ ምች መሞታቸው ነበር። ስለዚህ የአፍ እንቅስቃሴ ስታዩ አብራችሁ ምግቡን ተመልከቱ። ሲበላ ያስለዋል? ምግብ ጉንጩ ውስጥ ይቀራል? ክብደቱ ቀንሷል? ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አትቸኩሉበት። የመዋጥ ምርመራ እንዲታዘዝለትም ነርሷን ጠይቁ።

አስቸጋሪው ነገር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የራሳቸው የሆነ እንቅስቃሴ አላቸው። ወደ ፊት ወደ ኋላ መወዛወዝ፣ እጅን ማርገብገብ፣ ጣትን ዓይን ፊት ማንቀሳቀስ። ይህ የመድኃኒት ጉዳት አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ለሰውየው መጽናኛው ስለሆነ ሊነካበት አይገባም። የሚለየው ታሪኩ ነው። እናቱ ወይም እህቱ በሕይወት ካለች ጠይቋት፤ በድሮ የቤተሰብ ቪዲዮ ላይ ይወዛወዝ ነበር ወይ? ጥርስ የሌለው ወይም ሰው ሠራሽ ጥርሱ የማይገጥመውም አፉን ያንቀሳቅሳል። ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ዴፓኮት እጅ ያንቀጠቅጣል። ሬግላን የሚባለውን የማቅለሽለሽ መድኃኒት ደግሞ ማንም የአእምሮ መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውም፤ ዶፓሚንን ስለሚዘጋ ግን ይህንኑ ጉዳት ያመጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2009 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል፤ ከ12 ሳምንት በላይ መውሰድም አይመከርም። በሆዱ ቱቦ የሚመገብ ነዋሪ ካላችሁ መዝገቡን አገላብጡ፤ ለዓመታት ሲወስደው ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሁሉም የሚነሣው ግን «ይህ መድኃኒት ለምን ተሰጠው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ አገር በ33,016 የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው አዋቂዎች መዝገብ ላይ ተሠርቶ በ2015 የወጣ ጥናት፣ የፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል 71 በመቶው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው የሚገልጽ ምዝገባ እንዳልነበራቸው አሳየ። በ2017 ያው የጥናት ቡድን፣ የእንቅስቃሴ ጉዳቶቹ በእነዚህ ሰዎች ላይ ውስንነቱ ከሌለባቸው መድኃኒቱን ከሚወስዱ ሰዎች በ30 በመቶ ገደማ በልጠው እንደሚመዘገቡ ገለጸ። ከዚያ ቀደም በ2008 ፒተር ታይረርና ባልደረቦቹ ጠበኝነት የሚያሳዩ 86 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው ለአንዱ ሪስፔሪዶን (ሪስፐርዳል)፣ ለአንዱ ሃሎፔሪዶል (ሃልዶል)፣ ለአንዱ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ። በሦስቱም ጠበኝነቱ ቀነሰ፤ ይበልጥ የቀነሰው ግን መድኃኒት በሌለበት ክኒን ነበር። ይህ ጥናት ሳይኮሲስ ስላለበት ሰው አይናገርም፤ ለእርሱ መድኃኒቱ ሕይወቱን የሚመልስለት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ይጮኻል» ተብሎ ብቻ ለሃያ ዓመት መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ጉዳይ እንቅልፍ ሊነሣን ይገባል። እንግሊዞች በ2016 ይህን ልማድ ለማስቆም ስቶምፕ የተባለ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀምረዋል።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ኤይምስ የሚባለው መለኪያ በ1976 የወጣ ሲሆን 12 ጥያቄዎች አሉት። ሰውየው ክንድ በሌለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማስቲካና ከረሜላ ከአፉ ይወጣል፤ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያወጣል፣ አውራ ጣቱን በየተራ ከሌሎች ጣቶቹ ጋር ያነካካል፣ ጥቂት እርምጃ ይራመዳል። ትእዛዙን መረዳት ወይም መፈጸም ለሚቸግረው ሰው ዲስከስ የሚባል 15 ነጥቦች ያሉት ሌላ መለኪያ አለ፤ ስፕሬግና ካላችኒክ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ብለው ያዘጋጁት ነው። ነርሷ ይህን ልትሠራ ስትመጣ ክፍሉን ለቅቃችሁ አትውጡ። ሰውየው እንግዳ ሲያይ ሊደርቅ ይችላል። እናንተ ካላችሁ ግን ይረጋጋል፤ ዘወትር የምታዩትንም ለነርሷ ትነግሯታላችሁ።

ጉዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ምን ይደረጋል? በመጀመሪያ መድኃኒቱ ያስፈልገዋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። የማያስፈልግ ከሆነ ይቀነሳል፤ ግን በዝግታ፣ በወራት። ሲቀነስ አዲስ እንቅስቃሴ ሊወጣ ወይም የነበረው ሊብስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ ከሳምንታት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ ማላብም ሊኖር ይችላል። ይህን የማያውቅ ቤት «ባሕርዩ ተመልሶበታል» ብሎ ይደነግጥና መድኃኒቱ እንዲመለስ ያደርጋል። ሲመለስ እንቅስቃሴው ጋብ ይላል፤ መድኃኒቱ ይሸፍነዋልና። ሁሉም እፎይ ይላል፤ ጉዳቱ ግን ከሥር ይቀጥላል። የሚቀነስበት ወቅትም ይመረጣል፦ ሠራተኛ በተለዋወጠበት፣ ቤት በተቀየረበት ወይም ቤተሰብ በሞተበት ወር ባይሆን ይሻላል።

ኮጀንቲን ብዙዎቻችሁ በየቀኑ የምትሰጡት መድኃኒት ነው። ለፓርኪንሰን መሰሉ ግትርነትና ለድንገተኛ የጡንቻ መኮማተር ይረዳል፤ ታርዲቭ ዲስኪኔዥያን ግን ሊያብሰው ይችላል። ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ማስታወስን ይቀንሳል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ገና በሃምሳዎቹ ውስጥ ለአልዛይመር የተጋለጡ ስለሆኑ ይህ ለእነርሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ ለየትኛው እንቅስቃሴ እንደታዘዘ ጠይቁ። በድንገት እንዳይቆምም ተጠንቀቁ።

ለታርዲቭ ዲስኪኔዥያ ራሱ በአሜሪካ የተፈቀዱ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ቫልቤናዚን፣ ማለትም ኢንግሬዛ፣ በሚያዝያ 2017፤ ዲውቴትራቤናዚን፣ ማለትም ኦስቴዶ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ተፈቀዱ። ሁለቱም ቪማት ሁለት የተባለውን ዶፓሚንን በነርቭ ጫፍ የሚያሽግ ፕሮቲን ይገታሉ፤ ስለዚህ የሚለቀቀው ዶፓሚን ይቀንሳል። ብዙ ሰው ይጠቀምባቸዋል፤ ምግቡን ሳይደፋ መብላት የቻለ፣ የከንፈሩ ቁስል የዳነለት አለ። ፈውስ ግን አይደሉም፤ ሲቆሙ እንቅስቃሴው ሊመለስ ይችላል። ያስተኛሉ፣ መውደቅ ያስከትላሉ፣ ራሳቸውም ፓርኪንሰን መሰል ግትርነት ሊያመጡ ይችላሉ፤ የልብ ምት ችግር ያለበት ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሀንቲንግተን የተባለው በዘር የሚወረስ የአንጎል በሽታ ባለባቸው ሕሙማን ላይ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጡ እንደሚችሉም በጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። «ከፍቶኛል» ማለት የማይችል ሰው ሲከፋው የምታውቁት የሚወደውን ሙዚቃ ሲተው፣ ምግብ ሲገፋ፣ ከአልጋ አልነሣም ሲል ነው። ኦስቴዶ ከምግብ ጋር ሙሉውን ይዋጣል እንጂ አይፈጭም። ለመዋጥ ለሚቸግረው ሰው ምግብ ላይ የሚነሰነስ የኢንግሬዛ ዓይነት በ2024 ተፈቅዷል። ዋጋቸው ውድ ስለሆነ ኢንሹራንሱ አስቀድሞ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የኤይምስ ውጤትና የእናንተ ማስታወሻ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው።

«እንቅስቃሴው እርሱን አያስጨንቀውም፤ ለምን ይታከማል?» የሚል ሐኪም ያጋጥማችኋል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ቀላል እንቅስቃሴ ሳይታከም ክትትል ብቻ ሊደረግለት ይችላል። ግን እንደማያስጨንቀው እንዴት ታወቀ? ሰውየውን መጠየቅ ከተቻለ፣ በሥዕልም በምልክትም ቢሆን፣ ይጠየቅ። ካልተቻለ ማንኪያው ስንት ጊዜ ከአፉ እንደሚስት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ መሄድ ትቶ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሁለት ነገሮች ቀጠሮ አይጠብቁም። ትኩሳት፣ የሰውነት መገተር፣ ላብና ግራ መጋባት በአንድነት ከታዩ 911 ደውሉ፤ ገዳይ ሊሆን ይችላል። አንገት ቢጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ተገልብጦ ቢቀር፣ መንጋጋ ቢቆለፍ ይህ ድንገተኛ የጡንቻ መኮማተር ነው። መድኃኒት በተጀመረ ወይም በጨመረ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ በወጣቶች ላይ ይበዛል። ኮጀንቲን ወይም ቤናድሪል በመርፌ ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ትንፋሹ ከተቸገረ ግን አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ።

ይህን በሁለት ምክንያት አጥብቄ እናገራለሁ። እዚህ አገር ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከመካከላችን አሉ። ሪስፔሪዶን በ2006፣ አሪፒፕራዞል በ2009 ለእነዚህ ልጆች ንዴትና ራስን መጉዳት ተፈቅደዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ በሥራ ቦታችን ብቻ የሚቀር አይደለም። ሁለተኛው፣ ከአገር ቤት የሚደወልላችሁ ስልክ ነው። እዚያ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ዛሬም በስፋት ይሰጣሉ። አንድ ልጅ መርፌ ተወግቶ ቤት ከገባ በኋላ አንገቱ ሲጠመዘዝና ዓይኑ ሲገለበጥ ቤተሰቡ «ልክፍት ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ አስፈሪ ነው። ወደ ጸበል የሚወስዱት ከሆነ ጸበሉን አትቃወሙ። ነገር ግን በዚያው ሰዓት መድኃኒቱን ወደሰጠው ጤና ተቋም እንዲመልሱት ንገሯቸው። አርታን የተባለው መድኃኒት በአገር ቤት የታወቀ ነው፤ ለዚህ ይረዳል። ቤተሰቡ ደንግጦ ሕክምናውን ጨርሶ እንዳያቋርጥ አድርጉ፤ የሚያስፈልገው መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መቀየር ነው።

ስለ መዝገቡ ልጨምር። «ተረብሿል» የሚል ማስታወሻ ለሐኪም ምንም አይነግረውም። «መድኃኒቱ ከጨመረ በአራተኛው ቀን፣ እራት ላይ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ቆሞ እግሮቹን ያቀያይራል፤ ሲራመድ ይረጋጋል፤ ትናንት ሰገራ ወጥቶለታል፤ ትኩሳት የለውም» የሚለው ግን ይነግረዋል። ሰዓቱን፣ የትኛው አካል እንደሆነ፣ ሲተኛ ይጠፋ እንደሆነ ጻፉ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰበርም አትፈሩ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ያያችሁትን ነው። ቪዲዮ ለመቅረጽ የድርጅቱንና የሕጋዊ ሞግዚቱን ፈቃድ በጽሑፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በግል ስልካችሁ ፈጽሞ አትቅረጹ። ወደ ቀጠሮ የሚሄደውም ሰውየውን በቅርብ የሚያውቀው የፈረቃ ሠራተኛ ይሁን። ያ ካልሆነ ሦስት ነገር በወረቀት ተጽፎ ይሂድ፦ ምን እንደተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እና ከዚያ በፊት የትኛው መድኃኒት እንደተነካ።